አንገቱ የረዘመ እንጉዳይ

በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መጀመሪያ በጣቴ፣ ቀጥሎ በመዳፌ፣ በኋላ በምርኩዜ።

«እስኩ! ተነሽ እንጂ፤ ፀሐይ ወጣኮ!»

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ታኅሣሥ 18 ቀን 2003 ዓ.ም.። የደብረ ማርቆስን የዚያን ሰሞን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ጨው እንደተነሰነሰበት ነጥቶ ያድራል። የልጅ ልጄ እስከዳር ያደረችው እቤት፣ ከእኔ ጎን አልነበረም። ጓሮ፣ ቀድሞ እህል ቤት በነበረው ክፍል፣ ከእንጉዳዮቿ ጋር ነበር። በማግስቱ ለሚውለው ገብርኤል አንድ ሆቴል ሃያ ኪሎ አዟታል። ጾም ነውና እንጉዳይ ተፈላጊ ነው። «ዛሬ ብርዱ ካቀጨጫቸው አለቀልኝ እምዬ» ብላ ፍራሿን ተሸክማ ገባች።

በሩ ዙሪያውን በላስቲክ ተለብጧልና ስገፋው ተጣብቆ እምቢ አለኝ። ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁት።

የጭድ ከረጢቶቹ እንደ ቀፎ ከጣራው ተንጠልጥለዋል፤ ከየቀዳዳቸው ነጫጭ እንጉዳይ ወጥቷል። ከሥራቸው ፍራሹ። ፍራሹ ላይ እስከዳር በጎኗ ተኝታ፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋለች። ፊቷ ቀይ ነበር። የጤነኛ ልጅ ቅላት ይመስል ነበር። እኔም ተታለልሁና «ተመስገን፣ ሞቋታል» አልሁ።

ከዚያ እግሯን ነካሁት።

የሆነውን ሁሉ የምጽፈው እኔ ባወቅሁበት ቅደም ተከተል ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮማ የምጽፈውም ነገር አይኖርም ነበር።

*

ኢንስፔክተር አንሙት ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ካፖርቱ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ጎረቤቱ ግቢውን ሞልቶ ሲጮህ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገረኝ።

«እማማ ታየች፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ገባ?»

«ማንም። ሰዉ ከደጅ ነው የቆመ።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«እሷን።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «እሷንማ ይንኩ፤ ግድ የለም» አለ።

ከፍራሹ ራስጌ የከሰል ምድጃ ነበር። አመዱ ቀዝቅዟል። ኢንስፔክተሩ አመዱን በጣቱ ፈተገና ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

አስረዳሁት። ክፍሉ ሲሠራ አንድ ወር ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ስነጫነጭ ከርሜአለሁና እያንዳንዷን ምስማር አውቃታለሁ። እንጉዳይ እንደ ሰው ይተነፍሳል ትላለች እስኩ። የተነፈሰው ካልወጣለት፣ አዲስ አየር ካልገባለት አያምርበትም። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ማስገቢያው አለ፦ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ማራገቢያ፣ ፊቱ ላይ ለዝንብ መከላከያ ወንፊት፣ መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወድቅ የቆርቆሮ ክዳን። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ማስወጫው አለ፦ ጭንቅላት የማያሾልክ፣ ክንድ ግን በደንብ የሚያስገባ የላሜራ ቱቦ። በውስጥ በኩል አፉ በወንፊት ተሸፍኗል። ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ይወጣና እንደ ክርን ታጥፎ፣ ከጣራው በላይ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ለዝናብ ባርኔጣ አለው።

«ማን ሠራው?»

«ፈንታ የሚሉት ቆርቆሮ ሠራተኛ። እጮኛዬ ነው ትለኝ ነበር።»

«ትለኝ ነበር?»

«እኔ አልወደድሁትም። ቤቴን እንደ ወንፊት የበሳሳ እሱ ነው። በዚህ ብርድ አገር ሰው ቤቱን ይደፍናል እንጂ ይበሳል?»

ኢንስፔክተሩ ከአንዱ ከረጢት አንድ እንጉዳይ ቀጠፈ። አንገቱ ቀጭን፣ እንደ ጣት የረዘመ፤ ራሱ ደግሞ ከቁልፍ የማይበልጥ።

«እንጉዳይ እንዲህ ነው እንዴ፣ እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። የጾም ሥጋ ነው ይላሉ፤ እኔ አልቀመስሁትም።»

በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ብቻውን በጓሮ ዞረ። ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ሲመለስ አንድ እጁ በካፖርቱ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«በረደህ?» አልሁት።

«ትንሽ።»

«አንገትህን ሸፍን ልጄ። የዚህ አገር ንፋስ ሰው አያማርጥም።»

አየኝ። ያን ጊዜ አስተያየቱ አልገባኝም።

*

አስከሬኗን ሆስፒታል ወስደው መልሰዋት፣ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ከፊቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ የከሰል አየር ነው የገደላት ብሏል። ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይወስዳል። ነገር ግን እንዲሁ የደረሰ አይደለም፤ ሰው የሠራው ነገር አለበት። ምን እንደሆነ ለጊዜው ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሆን።»

ከሰል ሲል ደሜ ፈላ።

«ከሰሉን ማን እንዳመጣው ልንገርህ? ፈንታ! ዘጠኝ ቀን አማኑኤል ከተማ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያለብስ ከርሞ፣ ትናንት ማታ አንድ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ወዲያው ተጣሉ።»

«ምን ተባባሉ?»

«ከማዶ ነው የሰማሁ። እሷ ‹አሁኑኑ› ትላለች፣ እሱ ‹ነገ› ይላል። ‹አንተ የሠራኸው ነው› አለችው። በሩን ጥሎባት ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ማራገቢያው ቆመ፣ ክዳኑ ወደቀ። ውጭ አቀጣጥላ፣ ሲፍም አስገባችው። ‹አትጨነቂ እምዬ፣ ጭሱ አልቋል› አለችኝ። በሩን የዘጋሁላት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ፈንታን ይጠረጥራሉ?»

«አልጠረጥርም። እሱ ነው። ከሰሉን አስመርምር፤ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ነስንሶበታል። ጻፈው።»

ጻፈው። የእኔን ቃል ይዘው በማግስቱ ፈንታን ከቀብሩ ላይ ወሰዱት። እፍኝ አፈር ይዞ ነበር። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው አፈሩን ጣል አላደረገውም፤ ጨብጦት ሄደ።

ከሰሉን ግን መረመሩት። ደረቅ የግራር ከሰል ነበር። ምንም አልተነሰነሰበትም።

*

ረቡዕ ዕለት ኢንስፔክተሩ ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ ሳለ ጎረቤቴ አስማማው ሊያስተዛዝን ገባ። አስማማውና እስከዳር በአጥር ላይ ያልተባባሉት ነገር የለም፤ ቱቦው ወደ እሱ ጓሮ ነው የሚተነፍስ።

«አቶ አስማማው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «‹ቱቦሽን በጭቃ እደፍነዋለሁ› ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ! አገር የሰማውን አልክድም። እንደ እርጥብ ካልሲ የሚሸት ነገር ማለዳ ማለዳ ሲነፋብኝ ‹እሰየው፣ ጨምሪልኝ› ልበል?»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«በየትኛው እጄ ነው የማደርገው?» ብሎ ጋቢውን ገለጠ። ቀኝ ክንዱን ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮታል፤ የግራ እጁም ጣቶች አብጠዋል። «ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ሱሪ የምታስታጥቀኝ ሚስቴ ናት። ቱቦ መድፈን ቀርቶ አፍንጫዬን መናፈጥ አቅቶኛል!»

ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አስማማው እሱም ሊስቅ ሲል ፊቱ ተሰባበረ።

«እሑድ እሑድ አንድ ሳህን ጥብስ በአጥር ታቀብለኝ ነበር» አለ። «ሸተተኝ እያልሁ እበላላት ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።»

ቱቦ የሚለውን ቃል ስሰማ አንድ ነገር ትዝ ሊለኝ ብሎ ተመለሰ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ያዘንተኛ ሐሳብ መቼም ሲባክን ነው የሚውል ብዬ ተውሁት።

*

በዚያው ቀን ከሰዓት ቃሌ ላይ እንድፈርም ፖሊስ ጣቢያ ጠሩኝ። በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ከውስጥ የፈንታ ድምፅ መጣ። ሳይጮህ፣ እንደ ሰለቸው ሰው።

«እኔ ነኝ የገደልኋት። ይጻፉት፤ እፈርማለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ተነስቼ ቆምሁ። «ይኸው! ከአፉ ወጣ! እግዚአብሔር እንባዬን አየልኝ!»

ደስ አለኝ ብል አልዋሽም። የሚጠላ ሰው ማግኘት እንደ ምርኩዝ ነው፤ ያቆማል።

ኢንስፔክተሩ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ቃሉን ሰጠ፣ ፈረመ» አልሁት። «አንተን ታዲያ ምን ከፋህ?»

«‹በምን ገደልኻት?› አልሁት፣ እማማ። ‹በነገ› አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።»

«አብዷል።»

«አላበደም። አለቆቼ ግን መዝገቡ ተዘጋ ብለውኛል። ሰው ራሱ ገደልሁ ካለ ማን ይከራከርለታል?»

*

ሐሙስ ሣልስቷ ነበር። ከአምበር ከተማ የብርጓል የምትባል ጓደኛዋ መጣች። ከእስከዳር ጋር በግብርና ኮሌጅ አንድ ክፍል የተማረች፣ አንድ አልጋ ላይ ያደረች ልጅ ናት፤ አሁን ለገበሬዎች እንጉዳይ ታስተምራለች። አልቅሳ ሳትጨርስ ኢንስፔክተሩ «አንድ ነገር እዪልኝ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰዳት። ተከተልኋቸው። ማን ሊከለክለኝ?

የብርጓል በሩ ላይ ቆመች።

«ይህን ማን እንዲህ አደረገው?» አለች።

«ምኑን?»

«አያዩትም? አንገታቸውን!» ወደ ከረጢቶቹ ቀረበች። «አየር የጠገበ እንጉዳይ ራሱ ሰፊ ነው፤ አንገቱ አጭር። አየር ሲያጥረው አንገቱን እያስረዘመ ፍለጋ ይወጣል። ራሱ እንደ ምስማር ይቀራል። ይህ ክፍል መውጫ አጥቶ ነበር።»

«በአንድ ሌሊት እንዲህ ሊሆን ይችላል?»

«በፍጹም! ትንሽ ቢባል አራት አምስት ቀን።»

ኢንስፔክተሩ በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ። «ከሰኞ አምስት ቀን… ረቡዕ። ያኔ ፈንታ አማኑኤል ጣራ ላይ ነው። ቄሶቹን በስልክ ጠይቄአለሁ፤ አንድም ቀን አልወረደም።»

የብርጓል ከግድግዳው ምስማር ላይ የእስከዳርን ደብተር አወረደች። ክፍሉን የምትመዘግብበት ነው፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የጠዋቱን የማታውን። ለኢንስፔክተሩ ድምፅ አውጥታ አነበበችለት።

«‹ታኅሣሥ 14። አንገታቸው መርዘም ጀመረ። ማራገቢያው ይሠራል። ታዲያ ለምን?› … ‹ታኅሣሥ 16። ባሰ። አየሩ አይስብም። እሑድ ፈንታ ሲመጣ ክርኑን ከፍቶ ይይልኝ።›»

«ሌላስ?»

የብርጓል ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰችው። እዚያ እስኩ የክፍሉን ሕግ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋለች። አንዱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«‹ከሰል የግድ ከገባ፣ ማስወጫው ምንጊዜም ክፍት ይሁን። እሱ ካለ ችግር የለም።›»

እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር። ረቡዕ ትዝ ሊለኝ ብሎ የተመለሰው ነገር አሁን ጭንቅላቱን አቀና።

«እማማ፣ ምነው?» አለኝ ኢንስፔክተሩ።

«ብርድ ነው» አልሁት። ወጥቼ ሄድሁ።

*

ዓርብ ብቻውን መጣ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ሰው ተበትኗል። መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከካፖርቱ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በመካከላችን አኖረው። አልፈታውም።

«ሰኞ ጠዋት ከቱቦው ክርን ውስጥ ያወጣሁት ነው» አለ። «ክርኑ ላይ ለመጥረጊያ የተተወች አንዲት ትንሽ መዝጊያ አለች፤ በሽቦ የምትታሰር። ከጓሮ ካልዞሩ አትታይም። መጀመሪያ ‹ይህችን መዝጊያ ከሠራት ሰው በቀር ማን ያውቃታል?› አልሁ። ፈንታን የያዝሁትም በእርስዎ ቃል ብቻ ሳይሆን በእሷ ምክንያት ነው።»

ጋዜጣውን አየሁት።

«በኋላ ግን ይህን ደግሜ ደግሜ አየሁት።» ጋዜጣውን ፈታው።

ክብ ትራስ ነበረች። የሕፃን ራስ የምታህል። ነጭ ጋቢ፣ ውስጧ ባዘቶ ጥጥ፣ ዙሪያዋ በጥቃቅን ስፌት የተዘመዘመ። ለመሳቢያ እንዲሆን አንድ ማንጠልጠያ ተሰፍቶላታል። ማንጠልጠያው ላይ ሳይቀር ስፌቱ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

«አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ እማማ» አለ ቀስ ብሎ። «ለመግደል የሚወትፍ ሰው ያገኘውን ቡቱቶ ይወትፋል። ጠርዝ አይዘመዝምም። መዝጊያዋም በሽቦዋ አልታሰረችም ነበር፤ በእጅ በተፈተለ ፈትል ነው፣ ተገምዶ። ያን ዕለት ‹ሰው ቤቱን ይደፍናል እንጂ ይበሳል?› አሉኝ። እንዝርትዎ ደግሞ ያው፣ ከራስጌዎ ነው።»

እጄን ዘርግቼ ትራሷን አነሳሁ። ቀለለችኝ።

«ይህ ጋቢ የእናቷ መታቀፊያ ነበር» አልሁ። «የወለተ ሐዋርያት። የእኔ ልጅ።»

ልጄን በሃያ ስድስት ዓመቷ ነው የቀበርሁ። ከባሕር ዳር ስትመጣ አውቶቡስ ውስጥ ከተከፈተ መስኮት ሥር ተቀመጠች፤ ደረቷን ያዛት፤ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ሐኪሙ ሌላ ስም ሰጠው። እኔ ግን መስኮቱን ነው የማውቀው። እስከዳርን የሁለት ዓመት ልጅ ተቀብዬ ሳሳድግ በዚህ ቤት አንድ ቀዳዳ አልተውሁም። የበሩን ሥር በጨርቅ፣ የጣራውን ክፍተት በጭቃ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በሰም። አደገችልኝ። ሳል ሳይጠጋት አደገች። ታዲያ የደፈንሁት ነው ያሳደጋት ብል ማን ይፈርድብኛል?

ይህን ሁሉ ነገርሁት። እሱ አልጻፈም።

«ቱቦውንስ?»

«ፊት ሁለት ጊዜ በውስጥ በኩል ጨርቅ ወትፌበት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አወጣችው። ሳቀችብኝ። ‹እምዬ፣ እንጉዳዮቼን ልታፍኛቸው ነው?› አለች። ኋላ ሰሞኑን ታስላለች። እዚያው ውስጥ እያመሸች፣ ያ ቱቦ በአንገቷ ትክክል ንፋስ ሲተፋባት። ፈንታ መዝጊያዋን ሲሠራት ቆሜ አይቼዋለሁና እንዴት እንደምትከፈት አውቃለሁ። ከውጭ ከወተፍሁት አታየውም አልሁ። ሁለት ቀን ሰፋኋት። በታኅሣሥ ሚካኤል እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ከተትኋት። ማክሰኞ ነበር።»

«ሐኪሙ ከሰል ሲል ትዝ አላለዎትም?»

«የኔ ልጅ፣ በማርያም! ከሰሉ ጭስ አልነበረው። እኔ የዘጋሁት ደግሞ ንፋስ ነው። ንፋስ ይገድላል እንጂ ንፋስ አዳነ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? ያንን ከሠራሁት ደግ ነገር ጋር አስቀምጬው ነበር። ሰው ኃጢአቱን ከደግ ሥራው መካከል ሄዶ ይፈልጋል?»

ትራሷን ጉልበቴ ላይ አኖርኋት። ውጭ የአስማማው ዶሮዎች ይጫጫሉ።

«የዚያ ቀን ጠባቸው ምን ነበር?» አልሁ በመጨረሻ።

«‹አየሩ አልስብ ብሏል፣ አሁኑኑ ክርኑን ክፈተው› አለችው። እሱ ከአማኑኤል በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ መጥቶ ደክሞታል። ‹ነገ ጠዋት› አላት። ከሰሉን ያመጣላት ብርዱን አስቦ ነው። አሁን ‹አንዲት ማሰሪያ ነበር የምፈታ› ይላል። ሌላ ወሬ የለውም። ቃልህን መልስ ብለው አልመልስም አለኝ።»

«ትራሷን አሳየኸው?»

«አላሳየሁትም። ቢያያት የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ከእኔ እንዲሰማው አልፈለግሁም።»

ከዚያ ካፖርቱን ጎተት ጎተት አደረገና እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ ሰባ ሦስት ዓመትዎ ነው። ‹ማን እንደወተፈው ሊታወቅ አልቻለም› ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ማንም አይመጣብዎትም። ፈንታ ግን በፈረመው ይሄዳል፤ ከነገ ወዲያ መዝገቡ ከእጄ ይወጣል። እኔ ጨርቅ ብቻ ነው ያለኝ። ጨርቅ ደግሞ አይናገርም።»

ያንን ልጅ አልወደድሁትም ነበር። ቤቴን ስለበሳው። የበሳው እንድትተነፍስ ነበር።

«ነጠላዬን አቀብለኝ» አልሁት።

*

ጣቢያው ውስጥ ቃሌን የጻፈው ወጣት ሳጅን ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ኢንስፔክተሩ በር ላይ ቆሟል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። መቼ፣ በየት በኩል፣ በምን።

«ለምን ወተፉት?» አለ ሳጅኑ ከወረቀቱ ሳይነሳ።

«እንዳይበርዳት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ኢንስፔክተሩን አየው። ኢንስፔክተሩ «እንዳሉት ጻፈው» አለ።

ከታች በእጄ ፈረምሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማርሁት ፊደል ነው፤ ያን ቀን ስሜን ስጽፍ ተዛነፈብኝ።

ከዚያ ፈንታን አመጡት። ጺሙ አድጓል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አሁንም የቀብሩ አፈር አለ። ኢንስፔክተሩ ሊናገር ሲል «እኔ ልንገረው» አልሁ። ነገርሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ሁለቱም ያዙኝና ወንበር ላይ መለሱኝ። ትራሷ ከጠረጴዛው ላይ ነበረች። ፈንታ ማንጠልጠያዋን በጣቱ ዳሰሰ።

«ብከፍተው ወዲያው አገኛት ነበር» አለ። «አንዲት ማሰሪያ፣ እማማ። በዚህች ደግሞ ጎተት ማድረግ ነው። መሳቢያ እንኳ ሠርተውላታል።»

«ባልሰፋት ኖሮ መሳቢያም አያስፈልግም ነበር።»

«‹ነገ› አልኋት።»

«እኔ በሩን ዘጋሁላት።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ምን እንባባላለን? የእኔን ከእሱ ላይ ላነሳለት መጥቼ፣ የራሱ ድርሻ እንዳለ ከእሱ ጋር ቀረ። ሊሰጠኝም ልቀበለውም አልቻልንም።

ያለሁበት ወንበር ከመስኮቱ ሥር ነበር። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ንፋስ የሳጅኑን ወረቀቶች ያገላብጣል። ፈንታ በዚያ ሁሉ መካከል አየው። ሳያስበው፣ ማንም ያገሬ ሰው እንደሚያደርገው፣ በላዬ ተንጠራርቶ መዝጊያውን ያዘ።

«ንፋሱ ይመታዎታል» አለ።

«ተወው፣ ልጄ።»

ልጄ ያልሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ይግባ» አልሁ። «ተወው ይግባ።»

እጁን አወረደ። ንፋሱ ገባና አንገቴን አገኘው። ነጠላዬን ወደ ላይ አልሳብሁም።